ያመለጠው ነው ትልቁ

አማርኛችን ዓሣን አያምነውም። ካላመናችሁኝ ተረቶቻችንን ቁጠሩ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንላለን፤ አርፈህ ተቀመጥ፣ የማታውቀውን አትነካካ ማለታችን ነው። «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን፤ ይህችን እንኳ ለአለቆቻችን ያስቀመጥናት ናት። «ዓሣን መብላት በብልሃት» እንላለን፤ አጥንቱ ጉሮሮህ ላይ እንዳይሰነቀር ተጠንቀቅ ነው ነገሩ። እንግዲህ አንዱ ዘንዶ፣ አንዱ ግማት፣ አንዱ አጥንት! ይህ ምስኪን ፍጡር ገና ከውኃው ሳይወጣ ስሙ ጠፍቶ ያደረ ነው።

እኔ ደግሞ የአምደወርቅ ልጅ ነኝ። ለማታውቋት፣ አምደወርቅ በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ ተራራ ሞልቷል፤ ውኃ ግን በወቅቱ ነው። ክረምት ላይ «ማን ሊሻገረኝ!» እያለ የሚደነፋው ወንዝ፣ በጋ ሲገፋ ድንጋዩን አስጥቶ ይተኛል። በልጅነቴ ዓሣ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሥዕል ላይ። እሱም ነቢዩ ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ ነው። ስለዚህ ለእኔ ዓሣ ማለት ሰውን የሚበላ እንጂ ሰው የሚበላው አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ዛሬ ስለ ዓሣ አጥማጆች ጨዋታ ሊያወራችሁ የተነሣው። ታገሡኝ። ጉዳዬ ከዓሣው ይልቅ ከጨዋታው ጋር ነው።

አዲስ አበባ ገብቼ ኑሮ ከያዝኩ በኋላ በአንድ ባልደረባዬ ጎትጓችነት ከመንጠቆ ሰዎች ጋር ማኅበር ገባሁ። ማኅበር ስላችሁ ማኅተምና ሊቀ መንበር ያለው እንዳይመስላችሁ። እንደ ጽዋ ማኅበር በየወሩ እንሰባሰባለን፤ ከጽዋው የሚለየን ድግሱ ውኃ ውስጥ መሆኑና ብዙ ጊዜም እዚያው መቅረቱ ነው። የማኅበራችን ሙሴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። «ሙሴነት የሚገባው ለእኔ ነው» ይላሉ። «የስሙ ትርጉም ከውኃ የወጣ ማለት ነው። እናንተ ከውኃ ያወጣችሁት ነገር ካለ አሳዩኝና ሥልጣኔን ልልቀቅ።» እስካሁን አለቀቁም።

ከእሳቸው ሌላ አንድ መካኒክ አለ፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥተን አንዳንዴ ወደ ቆቃ፣ አንዳንዴ ወደ ዝዋይ፣ ሲያሰኘን ደግሞ እስከ ላንጋኖ እንወርዳለን። ትል በቆርቆሮ፣ ቆሎ በፌስታል፣ ወሬ በሆዳችን ይዘን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ቆርቆሮው ባዶ ነው፤ ፌስታሉም ባዶ ነው፤ ወሬው ግን እጥፍ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ታዲያላችሁ የአጥማጅ ዓሣ አስተዳደጉ ይገርማል። ዝዋይ ላይ ስንዝር የነበረች ቆሮሶ፣ መቂ ላይ ክንድ ትሆናለች። ሞጆ ስንደርስ ሁለት ሰው ነው የሚሸከማት። ቃሊቲ ላይማ ታንኳውን ገልብጣ አምልጣለች! መካኒኩ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ «ይሄን ታክላለች!» ሲል፣ የባንክ ሠራተኛው ቀስ ብሎ «ይሄን ወሬ ሚኒባስ ውስጥ፣ አራተኛ ሰው ሆነህ ተጠግተህ ብታወራው ኖሮ ዓሣዋ ታጥር ነበር» ይለዋል። መካኒኩም አይሸነፍም፤ «እናንተ ባንክ ቤት ያላችሁ ሰዎች የሌላ ሰው ነገር ሲያድግ አትወዱም» ይላል።

ጋሼ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና ጨዋታቸው ሁሉ ወደዚያ ያደላል። አንድ ቀን እንዲህ አሉን። «ወንጌላዊው ዮሐንስ በጥብርያዶስ ባሕር የተያዘውን ዓሣ 153 ብሎ የጻፈው ለምን ይመስላችኋል? ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ‹150 ገደማ› ብሎ ያልፈው ነበር። ዮሐንስ ግን የሙያው ሰው ነው። አጥማጅ የያዘውን ሲቆጥር ሦስቷንም አይምራትም።» ጥቂት ዝም አሉና «ያልያዘውን ሲቆጥር ግን ሦስት መቶ ነው» አሉ።

እንዲህ ስንቀላለድ ለካ ሳናውቀው ደንብ አውጥተናል። የመጀመሪያው ደንብ፣ ማንም ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። «የት አለ?» ማለት ነውር ነው፤ «ስንት ያህል ነበር?» ማለት ግን ይፈቀዳል። ሁለተኛው፣ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሣቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ከያዘው ሰው ሁለት ዓሣ ተሰጥቶት ቤቱ ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ፣ የሰጠው ሰው ለሚስቱ አይነግርም። ሚስቶቻችን ሁሉን ያውቃሉ፤ ያም ቢሆን ደንብ ደንብ ነው።

በዚህ መሀል የመካኒኩ የአክስት ልጅ ኮሎራዶ ከሚባለው የአሜሪካ ግዛት ለዕረፍት መጣ። ዘንጉ ቀጭን ነው፤ ረጅም ነው። ከኪሱ ትንሽ ሳጥን አውጥቶ ከፈተልን። ውስጡ ዝንብ ነው። በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ዝንብ!

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መካኒኩ።

«ዝንብ ነው። እኔ በትል አላጠምድም፤ በዝንብ ነው የማጠምደው።»

«እኛ ዝንብ ከሻያችን ላይ ስናባርር ዕድሜያችን አለቀ፤ አንተ በዶላር ገዝተህ አመጣህ?»

«ጉምሩክስ ምን ብሎ አሳለፈህ?» አለ የባንክ ሠራተኛው። «‹የግል መገልገያ› ብለው ነው የመዘገቡልህ?»

ምስኪኑ እንግዳ ተስፋ ሳይቆርጥ አስረዳን። ነገርዬው እውነተኛ ዝንብ አይደለም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር እየተጠመጠመ ነፍሳት መስሎ የሚሠራ ነው። ክብደት ስለሌለው እንደ ትልና እርሳስ ወርውረህ አትልከውም። የሚወረወረው ክሩ ነው፤ ክሩ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ዝንቡን አስከትሎ ይሄዳል። ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ አየር ላይ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትለቀዋለህ። ዝንቡም ውኃው ላይ እንደ እውነተኛ ነፍሳት ሳይረብሽ ማረፍ አለበት።

«ይሄማ የቡሄ ጅራፍ ነው!» አልኩ። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም።

«ልክ ነህ» አለ እንግዳው። «ልዩነቱ አንድ ነው። ጅራፉ ከጮኸ ዝንቡ ተበጥሷል ማለት ነው።»

መካኒኩ ይህን ሳይሰማ ዘንጉን አንሥቶ ነበር። ጧ! አለ። ሦስት ጊዜ ጧ! ጧ! ሲል ሦስት ዝንብ ሄደ። «ሦስት ዝንብ ገደልኩ» አለን ኮራ ብሎ፤ «እናንተስ?»

ነገሩ የነጭ ቅብጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ኤሊያን የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ዓሣ ሲያታልሉ ነበር ብሎ ጽፏል። ዛሬም ለዝንቡ የሚፈለገው ላባ ከአውራ ዶሮ አንገት ላይ የሚነቀለው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እንዲህ ያለውን ዝንብ በእጅ እየሠራች ለውጭ ገበያ ስታቀርብ ኖራለች። ይህን ጊዜ ነው ጋሼ በረጅሙ የተነፈሱት። «በየፋሲካውና በየገናው ስንት አንገት ላባ ደጅ ደፍተናል፣ ጌታዬ!»

እንግዳችን ሊሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባሌ ወረድን። ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ወይብና ዳንካ የሚባሉ ከተራራ የሚወርዱ ቀዝቃዛ ወንዞች አሉ፤ በውስጣቸውም ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ትራውት የሀገራችን ተወላጅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከኬንያ አምጥተው የለቀቁት ነው። ኬንያ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከስኮትላንድ ነው ያስመጣችው። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ወደ ዘመዱ ዞረና «በል፣ ዓሣውም እንዳንተው ዲያስፖራ ነው፤ ተግባቡ» አለው።

እውነትም ተግባቡ። እኛ አራታችን ትላችንን ይዘን ወንዙ ዳር ስንንጫጫ እንግዳችን ጎንበስ ብሎ፣ ጥላውን ከውኃው ላይ አርቆ፣ ከዓሣው ኋላ ኋላ ይሄዳል። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከዚያ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ከኋላው መምጣት ነው ብልሃቱ። ዝንቡ ውኃው ላይ ዐረፈ። ዓሣው ብልጭ አለ። ዘንጉ ጎበጠ። ጥቂት ታግሎ አወጣው፤ ጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደህና ክንድ የሚሆን ዓሣ። ይህ የእኔ ዓይን ያየው ነው፤ ከቃሊቲ በፊት።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁን አራሰ፤ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቀለ፤ ዓሣውን ውኃው ውስጥ ይዞ እስኪረጋጋ ጠበቀውና ለቀቀው።

ሁላችንም ፀጥ አልን። ቀልድ ያለቀበት የማኅበራችን ቀን ያ ይመስለኛል።

«ለቀቅኸው?» አሉ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ።»

«ይዘኸው?»

«አዎ።»

እዚህ ላይ የሌላው ሰው ዝምታ ግርምት ነበር። የእኔ ግን ሌላ ነው። እኔ ከዋግ ነኝ። የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ሌላው ሰው በሬዲዮና በፎቶግራፍ ነው የሚያውቀው፤ እኛ በየቤታችን በጎደለው ሰው ነው የምናውቀው። ሰቆጣና ኮረም የሚሉት ስሞች ለዓለም የዜና ርእስ ነበሩ፤ ለእኛ የዘመድ መቃብር ናቸው። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው፣ እጅ የገባ ምግብ ተመልሶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሲያይ ሆዱ ውስጥ የሚቆረጠም ነገር አለ። «ወንድሜ፣ እኛ ጋ ቢሆን ይህ ኃጢአት ነው» አልኩት።

አልተቀየመኝም። ወደ ዛፉ ሥር ጠቆመኝ። «ለእራታችን የሚበቃውን ሁለቱን እዚያ አስቀምጫለሁ፤ ማንም ጾሙን አያድርም። ከዚያ በላይ የምይዘው ለጨዋታ ነው። ለጨዋታ ደግሞ ነፍስ አይጠፋም።»

ማታ እሳት ከበን ስንቀመጥ ይህ ነገር እንደገና ተነሣ። የባንክ ሠራተኛው የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ብዙም አይናገር የነበረው ሰው ያን ማታ ተናገረ። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ከአሥር በላይ ዓይነት አለው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ክረምት ሲሆን ብዙው እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ ገልዳና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ ይነሰንሳል፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ እናትም ልጅም አንድ ላይ ይታፈሳሉ። «ያን እያየሁ ነው ያደግሁት» አለ። «የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ወጥቶ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ዓሣው ግን አዋጅ አያነብም። የሚለቀው ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

እኔም ነገሩን ሳሰላስለው፣ ሁለቱም አሳብ ከአንድ ቦታ የሚነሣ መሰለኝ። የራበው ሰው አይለቅም፤ ልክ ነው። የሚለቅ ሰው ከሌለ ደግሞ የነገው ሰው ይራባል፤ እሱም ልክ ነው። ይህን ጸብ ሳይሆን እሳት ዳር ጨዋታ አድርጎ መነጋገር የሚቻለው ግን ማንም ማንንም ለማሸነፍ ሳይመጣ ሲቀር ነው።

ጋሼ ጨዋታው እንዳይከብድ ብለው «ለመሆኑ ዛሬ ትልቁን ዓሣ የያዘው ማነው?» አሉ። እንግዳው ሳቀና «የለቀቅሁት ነዋ!» አለ። «ታዲያ የት አለ?» ሊል የነበረው መካኒክ ደንቡ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ። ከዚያ ብድግ አለና የዲያስፖራውን ዘንግ እንደ ጦር ነቅንቆ ፎከረ፤ «ዘራፍ! ያመለጠው! ያመለጠኝ! ክሬን የበጠሰው! ስሜን ያስጠራው!» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ያ ፉከራ ግን ከሳቁ በኋላም ከጆሮዬ አልወጣም። ወዳጆቼ፣ እስቲ አስቡት። የእኛ ፉከራ ሁሉ ስለ ገደልነው ነው። «ዘራፍ» የሚለው ሰው አንበሳ ጥሎ ነው፤ ዝሆን ገድሎ ነው፤ ጠላት ማርኮ ነው። የገደለ ቅቤ ይቀባል፤ ጉትቻ ያደርጋል፤ ግዳዩ በሠርግና በተስካር ይነሣል። ያልገደለ ደግሞ ከሴቶች ዘፈን የሚተርፍለት ስድብ ነው። ስለ አመለጠው የሚፎክር ሰው አለን? ከዓሣ አጥማጅ በቀር የለንም። የእሱ ጀግንነት ያልተፈጸመ ነው። ትልቁ ዓሣ ምንጊዜም ያመለጠው ነው፤ ስላመለጠም በሕይወት አለ። ፎካሪውም አለ፤ ዓሣውም አለ፤ አድማጩም እየሣቀ አለ። ማንም ለዚህ ፉከራ ሲባል አልሞተም።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ የእንግሊዝ ታሪክ ልንገረው። አይዛክ ዋልተን የሚባል የለንደን ነጋዴ በ1653 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዓሣ ማጥመድ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከሞላ ጎደል ጭውውት ነው፤ አጥማጅና መንገደኛ እየተቀላለዱ፣ እየተማማሩ፣ በየመጠጥ ቤቱ እያረፉ የሚሄዱበት። ያ ዘመን ግን የጭውውት ዘመን አልነበረም። እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ደም ስትፋሰስ ከርማ፣ ንጉሧን ቻርልስ ቀዳማዊን በ1649 አንገቱን ቀልታ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠረጥርባት አገር ሆና ነበር። ዋልተን ራሱ የተሸናፊው የንጉሡ ወገን ነው። ሌላው ሰው የጦርነቱን ሒሳብ ሲጽፍ እሱ የወንዝ ዳር ጨዋታ ጻፈ። መጽሐፉ ግን ይኸው ከ370 ዓመት በላይ ሲታተም ይኖራል። ሰዎች ያነበቡት ዓሣ ስለቸገራቸው ብቻ አይመስለኝም። ያለ ፍርሃት የሚቀላለዱ ሁለት ሰዎችን ማየት ናፍቋቸው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ አገሬ ልወስዳችሁ ብዬ ነው። ከአምደወርቅ ደጋ ወደ ዝቋላ ቆላ ሲወረድ ተከዜ አለ። ድሮ ተከዜ በገደል መካከል የሚያልፍ፣ የሚፈራ ወንዝ ነበር። በኅዳር 2002 ዓ.ም. ግን 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የተከዜ ግድብ ተመረቀና ውኃው ወደ ኋላ ተኛ። በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ በኩል ዋግ ኽምራ ሐይቅ ያላት ሆነች። ውኃ በቀበሌ ቧንቧ ጠብታ የምንቆጥር ሰዎች ባለ ሐይቅ ሆንን! ቆሮሶውና አምባዛው በረከተ። የድርቅ ልጆች መረብ መጣል ተማሩ፤ በማኅበር እየተደራጁ ማስገር ጀመሩ። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።

መጀመሪያ እናቱ አልወደደችውም። «ዘንዶ ታወጣብናለህ!» አለችው፤ ተረቱን ይዛ። ኋላ ግን በዓሣው ገንዘብ ሁለት ፍየል ሲገዛላት ዘንዶው ተረሳ። ጾም ሲመጣ ደግሞ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም?» የሚለው ክርክር በየቤቱ ይነሣል። «ክርክሩ አያልቅም፤ ዓሣው ግን ያልቃል» ይል ነበር የእህቴ ልጅ፤ «ሲከራከሩ ሲከራከሩ ሸጬ እመለሳለሁ።»

እሱ የሚያወራልኝ ወሬ ሁሉ ደስ ቢለኝም እንደ ማዶው ሰዎች ወሬ የሚያስቀኝ የለም። ሐይቁ ወሰን የለውም፤ በዚህ በኩል እነሱ፣ በወዲያ በኩል ትግርኛ ተናጋሪ አስጋሪዎች አሉ። ውኃው መሀል ሲገናኙ ጨው ይዋዋሳሉ፤ የተበጠሰ መረብ መስፊያ ክር ይሰጣጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ይነጃጀሳሉ።

«ዓሣችንን መልሱ!» ይላሉ የእኛዎቹ።

«የእናንተ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ከእኛ መረብ ሲያመልጥ አይተነዋል። ጠይቁት፤ አማርኛ ይናገራል።»

«እኛ ጋ ከደረሰማ ትግርኛ ለምዷል፤ አሁን የት ትለዩታላችሁ?»

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ነበሩ አሉ፤ ይህን ሰምተው «ሁላችሁም ዋሻችሁ፤ እኔ ያነጋገርኩት በኽምጣና ነው» የሚሉ። እናም የተከዜ ዓሣ ሦስት ቋንቋ ይችላል ተብሎ ተደመደመ። የእህቴ ልጅ ይህን በነገረኝ ቁጥር እኔም እስቃለሁ፤ እሱም እንደ አዲስ ይሥቃል።

ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። ዋግ ኽምራም ከጦርነቱ ሜዳዎች አንዷ ሆነች። ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ሰው ቤቱን እየጣለ ወጣ፤ በሁለቱም ዳር እናቶች አለቀሱ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ፣ በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ። የዚህን ሁሉ ሒሳብ የሚጽፉ ሌሎች አሉ፤ እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ መረብ ነው። የእህቴ ልጅ መረብ ጎጆው ውስጥ ማገር ላይ ተሰቅሎ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነን» ይላል። ድሮ «ደህና ነን» ካለ በኋላ ሦስት ቀልድ ይከተል ነበር። አሁን «ደህና ነን» ብቻውን ነው። ብቻውን የመጣ «ደህና ነን» ምን እንደሚያስፈራ ቤተሰቡ ሩቅ ያለ ሰው ያውቀዋል።

የሞተውንና የተቃጠለውን መቁጠር ይቻላል። የጠፋውን ቀልድ ግን ማን ይቆጥረዋል? ማዶ ላለው ሰው «ዓሣዬን መልስ!» ብሎ መጮህና ያ ሰው መሣቁን እርግጠኛ መሆን ትልቅ ሀብት ነበር። ያ ሀብት ከጎደለ በኋላ ያው ቃል፣ ያው ጩኸት፣ ያው ውኃ ላይ ቢሰማ ማን ነው የሚሥቀው? ሁሉም ወደ መሸሸጊያው ነው የሚሮጠው። ሰው ተጫውቶ የሚፎክርበት ቦታ ሲያጣ የሚቀረው አሮጌው ፉከራ ነው፤ የገዳዩ።

ለዚህ ነው የመንጠቆ ማኅበራችንን እንደ ሥራ ፈቶች ስብስብ የሚያዩትን ሰዎች የማልሰማቸው። ሙያቸው፣ እምነታቸው፣ ትውልዳቸውና ኪሳቸው የተለያየ ሰዎች በወር አንድ ቀን ተገናኝተው፣ ማንም ማስረጃ ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይዋረድ፣ ተነጃጅሰው፣ ለባዶ እጁ አካፍለው ይመለሳሉ። ይህ የማይረባ ከሆነ የሚረባው ምን እንደሆነ ንገሩኝ። እንግዳችን ኮሎራዶ ከተመለሰ በኋላ በየፋሲካው የአውራ ዶሮ አንገት ላባ እየላክንለት ነው። እሱ ዝንብ አድርጎ መልሶ ይልክልናል። መካኒኩም በየጊዜው ጧ! አድርጎ ይገድላቸዋል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አጎቴ! አመለጠኝ!»

ልቤ ቀጥ አለች። በእነዚህ ዓመታት ከአገር ቤት በሚመጣ ስልክ መደንገጥ ለምደናል። «ምኑ?» አልኩት።

«አምባዛ! እኔን ያክላል ስልህ! መረቤን ቀድዶ ሄደ!»

ለካ መረቡ ከማገሩ ወርዷል። ለካ ታንኳው ውኃ ነክቷል። ድምፄን ጠራርጌ «ወዴት ሄደ?» አልኩት።

«ወደ ማዶ።»

ከዚያ ጥቂት ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ እሱም ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

«ይያዙት እስቲ» አለ ቀስ ብሎ። «ይያዙትና ያው እንደ ልማዳቸው ትግርኛ ያስተምሩት። አንድ ቀን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።»

«ስንት ያህል ነበር ግን?» አልኩት። ደንባችን ይፈቅዳላ!

«ይሄን ያህል!» አለኝ እየጮኸ።

በስልክ ክንድ አይታይም። እኔ ግን አየሁት፤ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ እስከሚችለው ድረስ ዘርግቶ ነው የቆመው። እንዲያ የተዘረጉ ሁለት እጆች ደግሞ ሌላ ምንም ነገር መያዝ አይችሉም።

ቸር ወሬ ያሰማን!